ለየካቲት 29 ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ልናገር ነው፤ ለጎረቤቶቼ ምን ልበል?

የብሎኩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሴቶች እድራችን ጸሐፊ ነኝ። ዘንድሮ ማርች 8ን አዳራሽ ሄደን ቲሸርት ለብሰን ከምናጨበጭብ በራሳችን ግቢ፣ ኮሚናሉ ውስጥ ቡና አፍልተን እናክብረው ብለናል። አሥር ደቂቃ ንግግር ለእኔ ደረሰኝ። ስለ አንዲት ሴት ፖለቲከኛ ሕይወት ተናገሪ ነው የተባልኩት።

አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው ጣይቱን ወይም ምንትዋብን ነው። እኔ ግን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ይዣለሁ። ንግሥት ዙፋን አጠገብ የምትደርሰው በጋብቻ ወይም በዘር ነው፤ እሳቸው ግን ፓርላማ የገቡት ተመርጠው ነው፤ በአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት። የሚያስጨንቀኝ አድማጩ ነው። እኛ ግቢ ያሉት እትዬዎች ቀልድ አያውቁም፤ ገና ሳልጨርስ «እና ለእኛ ምን አደረጉልን?» ይሉኛል። የምታውቁትን ጻፉልኝ። ከፌስቡክ የተቀዳ ግጥምና «እሳቸው እንዳሉት» የሚል ጥቅስ ግን ይቅርብኝ፤ ግማሹ የፈጠራ ነው።

አዲስ ዓለሜ

የአገሬን ልጅ መረጥሽ፣ እሰይ! አዲስ ዓለም ነው የተወለዱት፣ በ1908 ዓ.ም። ከአስኮ ተነስተሽ ቡራዩን፣ ሆለታን አልፈሽ በአምቦ መንገድ ነው። ምኒልክ እኮ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት። ባሕር ዛፍ ደረሰላትና ሐሳቡ ቀረ፣ ቤተ መንግሥት ሊሆን የነበረውም ደብረ ጽዮን ማርያም ሆነ። ባሕር ዛፍ ባይመጣ ዛሬ ዳር አገር የምትባሉት እናንተ ነበራችሁ። ትንሽ ይሰማችሁ።

አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ይባላሉ። የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ ከሚሲዮናውያን ዘንድ ውጭ አገር የተማሩ፣ በ1911 ከደጃዝማች ናደውና በኋላ ብላቴን ጌታ ከተባሉት ከኅሩይ ጋር በመልእክተኝነት አሜሪካ ድረስ የሄዱ ሰው ናቸው። እኚህ አባት ስንዱንና ታናሿን የውብዳርን ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳቸው። ያኔ ሴት ልጅ ፊደል ከቆጠረች ለባሏ አትታዘዝም ይባል ነበር።

ሌሊት አድማጭ

የውብዳር ያልከው ፒያኖ የሚጫወቱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ናቸው? እህትማማች መሆናቸውን ገና አሁን ሰማሁ!

አዲስ ዓለሜ

አዎ፣ እሳቸው ናቸው። ኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው በ2015 አረፉ፣ መቶ ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር። የእማሆይን ፒያኖ ፈረንጁም ሐበሻውም ያውቀዋል፤ የታላቅ እህታቸውን ስም ግን ፈተና ላይ እንኳ አይጠይቁትም። ይቆጨኛል።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጥሩ ሰው ነው የመረጥሽው። እኔ ታሪክ አስተምር ነበርና ቅደም ተከተሉን በአጭሩ ልንገርሽ፤ ማጣፈጡን ለአንቺ ልተወው።

ስንዱ ከአውሮፓ የተመለሱት ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ወደ ምዕራብ ወጡና ጥቁር አንበሳ ከተባለው ማኅበር ጋር ተቀላቀሉ። ጥቁር አንበሳን የመሠረቱት ከሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ውጭ የተማሩ ልጆች ናቸው፤ መሪያቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። አስቢው፦ ስንዱ የተወለዱት አዲስ ዓለም፣ የጦር ጓዶቻቸው የሠለጠኑት ሆለታ። ያ ሁሉ ዛሬ ሰዉ ቅዳሜ ዕለት ቦታ ሊያይ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ያለ ነው። እሳቸው ቁስለኛ በመርዳት ሥራ ላይ ነበሩ። በ1929 መጀመሪያ ላይ ራስ እምሩ ጎጀብ ላይ እጃቸውን ሰጡ፣ ያ ጦር ተበተነ።

ከዚያ የካቲት 12 መጣ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የተረፈው የተማረና የመኳንንት ዘር እየተለቀመ ሲጋዝ፣ እሳቸውም ከቤተሰባቸው ጋር ሰርዲኒያ አጠገብ ወደምትገኘው አዚናራ ደሴት ተጋዙ። እህታቸውም አብረው ነበሩ። እንግዲህ ማርች 8 የካቲት ውስጥ ነው፤ የካቲት 12ም የካቲት ውስጥ ነው። ንግግርሽን ከዚያ ብትጀምሪ የሚያንቀላፋ አይኖርም።

ነፃነት ሲመለስ ወደ ትምህርት ገቡ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱት ቴአትር ይጽፉ ነበር። ያ ትምህርት ቤት በደርግ ጊዜ ምን ተባለ? የካቲት 12። ስሙን የቀየሩት ሰዎች የቀድሞዋ ዳይሬክተር በዚያው ቀን ሰበብ እንደተጋዙ አስበውት ይሆን? አይመስለኝም።

የብሎኩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዚናራን ወስጃለሁ። የፓርላማውን ነገር ደግሞ አብራሩልኝ። አንዱ ጽሑፍ 1949 ይላል፣ ሌላው 1950። የቱን ልበል?

ጡረተኛው መምህር

ምርጫው የተካሄደው በአዲስ ዓመት መባቻ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ነው ሁለቱንም የምታገኚው። በፈረንጅ 1957 በዪ፣ ማንም አይከራከርሽም።

ከዚያ በፊት የነበረውም ፓርላማ ነበር፣ ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጀምሮ፤ ግን ሕዝብ የሚመርጠው አልነበረም፤ መኳንንቱና ባላባቱ ነበሩ እንደራሴ የሚመርጡት። በ1948 ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ነው ለወንድም ለሴትም የመምረጥ መብት የሰጠው። ልብ በዪ፦ የስዊዘርላንድ ሴቶች በአገራቸው ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ መስጠት የተፈቀደላቸው በፈረንጅ 1971 ነው። ስንዱ በተማሩበት አገር ሴት ሳትመርጥ እሳቸው እዚህ ተመርጠው ገቡ። ኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ዘመነ ኮዬ

ይቅርታ፣ ድግሱን ላበላሽ ነው። የከንቲባ ልጅ፣ ስዊዘርላንድ የተማረች፣ ከላይ የመጣች ሴት «ተመረጠች» ብላችሁ ታጨበጭባላችሁ። ያኔ የአቃቂ ገበሬ ሚስት ትወዳደር ነበር? ንጉሡ ሲፈልጉ የሚበትኑት ፓርላማ ነው። ለታይታ የተቀመጠች ጌጥ ነበረች። ሐቁን ተናገሪ ጸሐፊዋ፣ እትዬዎቹ ልክ ናቸው።

አዲስ ዓለሜ

አንተ ሰው፣ ባይሆን አንቱ በል፣ እናትህ ይሆናሉ።

ጡረተኛው መምህር

ተዉት፣ ልጁ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። እንዲያውም እኔ ልጨምርለት። በዚያ ዘመን ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ወረዳው ውስጥ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር፤ አንድ ሺህ ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም ሁለት ሺህ ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት። ፓርቲ የሚባል የለም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚወዳደረው። ታዲያ መሬቱ በማን ስም ነበር? በባል፣ በአባት፣ በወንድም። ሕጉ ሴት አትወዳደር ሳይል ንብረት አምጪ ይላታል፤ ንብረቱ ደግሞ በእጇ የለም። በእንዲህ ያለ በር መጀመሪያ የምታልፈው የከንቲባ ልጅ መሆኗ ምን ይገርማል?

ጌጥ ነበሩ የሚለውን ግን አልቀበልም። ጌጥ ቁስለኛ አያነሳም፣ ደሴት ላይ አይታሰርም። ትምህርት ቤት ሲመሩ ያሳደጓቸው ልጆች በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ገብተዋል። እኔ የሴትዮዋ ትልቁ ሥራ ፓርላማው ነው አልልም፤ ትምህርት ቤቱ ነው።

ነገረ ፈጅ ዘሰበታ

ጋሽ መምህር ንብረት ሲሉ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ በፍርድ ቤት ደጃፍ የምኖር ሰው ነኝ፣ የጸሐፊዋን ጥያቄ ከሕጉ በኩል ልመልሰው። «ለእኛ ምን አደረጉልን» ለሚሉት እትዬዎች ይህን ንገሪያቸው።

ወይዘሮ ስንዱ ፓርላማ ውስጥ እያሉ በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጉ ታወጀ። አንቀጽ 635ን ፈልጋችሁ አንብቡ። የቤተሰቡ ራስ ባል ነው ይላል፤ ሚስት ደግሞ ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል። የት እንደሚኖሩ የሚመርጠው ባል። የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረው በዋናነት ባል። ባል የቤት ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ መሥራት የሚስት ግዴታ ነው የሚል አንቀጽ ሁሉ አለ፤ ቀልድ አይደለም። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው ከጠለፋት ልጅ ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመ እንዲከሰስ አያደርግም ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ምክትል ፕሬዚዳንት ሆና የምክር ቤት ስብሰባ ልትመራ የምትችል ሴት፣ ቤቷ ስትገባ በሕግ የባሏ ታዛዥ ናት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት አንቀጽ ተሰጥቶት በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ ማለት ነው።

ያ ሕግ ስንት ዓመት ቆየ? ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ የሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፣ መፈክር ተሰማ፣ ደርግም ሄደ፤ 635 ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የተነሳው በ1992 በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213 ነው። አርባ ዓመት።

የብሎኩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ)

አርባ ዓመት!! እናቴ ያገባችውም የተፋታችውም በዚያ ሕግ ነዋ። ስለ ፍቺዋ ስታወራ የቤተ ዘመድ ዳኞች ትላለች፤ ሁሉም ያባቴ ወገን ነበሩ አሉ።

ነገረ ፈጅ ዘሰበታ

አዎ፣ በድሮው ሕግ የፍቺ ጉዳይ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እነሱ ነበር። አሁን ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ በስምምነት መፋታትም ይቻላል።

ፀሐይ ከወለቴ

ነገረ ፈጅ፣ ወንድሜ፣ ከርዕሱ ብወጣ አትቆጡኝ። ኮንዶሚኒየማችን በባለቤቴ ስም ነው የወጣው፣ በ1997ቱ ምዝገባ። ቁጠባውን የከፈልነው ግን ከእኔ ጉልት ነው። ሰሞኑን «ሸጠን ሌላ ቦታ እንግዛ» እያለ ነው፤ ብቻውን ደላላ ሲያናግር ሰማሁ። ስሜ ካርታው ላይ የለም። እኔ ምን አለኝ?

ነገረ ፈጅ ዘሰበታ

እህቴ፣ ከርዕሱ አልወጣሽም፣ ርዕሱ ይኸው ነው።

በቤተሰብ ሕጉ መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ማለትም ቤት፣ ለመሸጥ የሁለታችሁ ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ያለ አንቺ ፊርማ የሚደረግ ሽያጭ ሊፈርስ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን አግብታችሁ ከሆነና ማስረጃው ካለ ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁ የት ነው? ቤት ካለ ፎቶ ኮፒ አስደርገሽ ከቤት ውጭ አስቀምጪ። ወደ ውል ማስረጃም ብቅ ብለሽ ጠይቂ። ፊርማ ከመፈረሙ በፊት እንጂ ከተፈረመ በኋላ ድካሙ ይበዛል።

ፀሐይ ከወለቴ

በሽማግሌ ነው የተጋባነው፣ ማዘጋጃ አልሄድንም።

ነገረ ፈጅ ዘሰበታ

በባህል የተፈጸመ ጋብቻም ጋብቻ ነው፣ ሕጉ ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ፣ ሚዜዎቹ፣ የሠርጉ ፎቶ ሁሉ ማስረጃ ነው። ሄዳችሁ ብታስመዘግቡት ግን ከብዙ ጣጣ ትገላገያለሽ።

ዘመነ ኮዬ

እሺ፣ ይህን ልጠይቅ። ለኮንዶሚኒየም ዕጣ ሠላሳ ከመቶ ለሴቶች ብቻ ተለይቶ ይያዛል፣ ከዚያ በቀረውም ወንድና ሴት አብረው ይወዳደራሉ። እኔ ከ1997 ጀምሬ ስቆጥብ ኖሬ ዕጣ አልደረሰኝም፣ ኮዬ ተከራይ ነኝ። እኩልነት ይሄ ነው? ወይዘሮ ስንዱ ያለ ኮታ አይደል የገቡት?

ቂሊንጦ ሁለተኛ ፈረቃ

ወንድም ዘመነ፣ ዕጣ አለመድረሱ ይገባኛል፣ እኔም አልደረሰኝም። ፋብሪካ ነው የምሠራው። አንድ ክፍል ለአራት ሆነን ተከራይተን እንኖራለን፣ ሁላችንም ከክፍለ ሀገር የመጣን ነን። ማታ ስንወጣ መንገድ ላይ የሚጠብቁንን አንተ አታውቃቸውም። ያቺ ሠላሳ ከመቶ አከራይ «ባል አለሽ?» ብሎ ሳይጠይቅሽ የምትገቢበት ቤት ናት።

ያለ ኮታ ገቡ ያልከው ግን፣ ጋሼ ከላይ ጽፈውት የለም? ኮታ ነበረ እኮ። ንብረት ላለው ሰው የተያዘ ኮታ።

ሌሊት አድማጭ

ዘመነ፣ ይቺስ ገባች።

ዘመነ ኮዬ

ገብታለች። የቤት ኪራዬ ግን አሁንም አልቀነሰም።

ባለ ጄሪካኑ

ስለ ቤት ከተነሳ፣ ቱሉ ዲምቱ ፕሮጀክት ያላችሁ ሰዎች፣ ትናንት ውሃ መጥቶ ነበር? እኛ ጋ ፈረቃው ዘሏል።

አወያይ

ባለ ጄሪካኑ፣ የውሃ ክሩ ከላይ ተሰክቷል፣ እዚያ ጠይቅ። ዘመነ ወደ ታች የጻፍከውን አንዱን መልእክት አንስቼዋለሁ፤ ኮዬ የማን ወሰን ነው የሚለው እዚህ አይነሳም። በዚያ ጉዳይ ስንት ክር እንደዘጋሁ ታውቃለህ።

እንግዳ ለቡ

ወሰኑን እንኳ ልነሳ አይደለም፣ ግን የምር ጥያቄ አለኝ። እኔ ለቡ ነው የምኖረው፣ እህቴ ከእኔ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው ያለችው፣ ግን ያ ኦሮሚያ ነው፣ አሁን ሸገር ከተማ የሚባለው ውስጥ። 213 ያላችሁት ሕግ ለሁለታችንም ይሠራል?

ነገረ ፈጅ ዘሰበታ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው አያስበውም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል፤ ኦሮሚያ በ1995 አውጥቷል። የጋብቻ ዕድሜው እዚያም 18 ነው፤ በመሠረቱ ተቀራራቢ ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ግን ልዩነት ስላለ እህትሽ ጉዳይ ካላት የምትኖርበትን ሕግ የሚያውቅ ሰው ታማክር። ከሁሉም በላይ ግን ሕገ መንግሥቱ አለ፦ አንቀጽ 34 ስለ ጋብቻ፣ 35 ስለ ሴቶች መብት። ያ የትም ብትኖሩ አንድ ነው።

እኔ ራሴ ሰበታ ተቀምጬ ልደታ ስከራከር ሁለቱንም አዋጅ ቦርሳ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው።

የሱሉልታ ልጅ

እኛ ጋ ደግሞ ጉዳዩ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን መሬት ነው። በገጠር ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ደብተሩ ሳይመጣ በፊት የአጎቴ ሚስት ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ ነበሩ መሬቱን የተካፈሉት፣ እሷ ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። አሁን መሬቱ ለልማት ሲፈለግ ካሳውን ማን ይፈርማል የሚለው ቤት እያፈረሰ ነው። ባል ብሩን ይዞ ከተማ ገብቶ የቀረበትን ሰፈር አውቃለሁ።

ጡረተኛው መምህር

ይህን ስታነሱ ትዝ አለኝ። ጸሐፊዋ፣ በ1992 ያን ሕግ ያጸደቀው ምክር ቤት ውስጥ የነበሩት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የገፋው ከውጭ ነው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ፣ ቀን ከሌት አንቀጽ በአንቀጽ የተከራከሩ፣ ለተደበደበች ሴት በነፃ ጥብቅና የቆሙ። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በፈረንጅ 2015 በተደረገው ምርጫ ደግሞ ከ547 መቀመጫ 212ቱን ሴቶች ያዙ። በ2011 የሚኒስትሮቹ ግማሽ ሴቶች ሆኑ፣ ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ርእሰ ብሔር ሆኑ። ቁጥሩ ሲያድግ እንደ 1992ቱ ያለ ትልቅ ሕግ መጣ ወይ ብትዪኝ፣ እኔ አላየሁም።

ነገረ ፈጅ ዘሰበታ

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልቃወምዎት። አንደኛ፣ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አለ፤ ግርዛትንና ያለ ዕድሜ ጋብቻን ወንጀል ያደረገው፣ ለጠላፊ የነበረውን የጋብቻ ማምለጫ የዘጋው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የወሊድ ፈቃድን 120 ቀን አድርጎታል፣ 30 ከወሊድ በፊት 90 ከወሊድ በኋላ። እንደ ቂሊንጦዋ እህታችን ላሉት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቂሊንጦ ሁለተኛ ፈረቃ

ትንሽ አይደለም። ግን ስንቀጠር ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆናችንን የሚጠይቁ አሉ፣ ኮንትራቱም አጭር ነው። 120 ቀኑን ለማግኘት መጀመሪያ ያን ያህል ጊዜ ሥራው ላይ መቆየት አለብሽ።

ጡረተኛው መምህር

ነገረ ፈጅ፣ ተቃውሞህን ግማሹን ተቀብያለሁ። የወንጀል ሕጉም ቢሆን ሴቶቹ ምክር ቤቱን ሳይሞሉት የወጣ ነው። ሐሳቤ ግን ይህ ነው፦ ወይዘሮ ስንዱን ብቻቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠን ለምን 635ን አላስቀሩም ማለት አይገባም። አንድ ሰው ከ210 እንደራሴ መካከል ምን ያደርጋል? ከውጭ የሚገፋ ማኅበር የለ፣ ጉዳዩን የሚጽፍ ነፃ ጋዜጣ የለ፣ የሴት ጠበቃ የለ። እነዚያ ከውጭ የገፉት ሴቶች ሊወለዱ፣ ሊማሩ፣ ሕግ ሊያጠኑ ይገባ ነበር። ያን የሚያደርገው ደግሞ ትምህርት ቤት ነው። ዘመነ «ጌጥ» ሲል ያልተቀበልኩት ለዚህ ነው።

አዲስ ዓለሜ

ከፓርላማው በኋላስ? ጀርመን አገር ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ።

ጡረተኛው መምህር

አዎ፣ ቦን በነበረው ኤምባሲያችን አገልግለዋል። ያረፉት በ2001 ነው፣ ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው። አዲሱን የቤተሰብ ሕግ በዓይናቸው አይተውታል ማለት ነው።

የብሎኩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ)

ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ዝም አልኩ። ጋሼ፣ ይህቺን እወስዳለሁ።

በቃ፣ ንግግሩን እንዲህ አድርጌዋለሁ። አዚናራን ሦስት ደቂቃ፣ እቴጌ መነንን ሁለት፣ ፓርላማውን ሁለት። ከዚያ 635ን ከነቁጥሩ አነበዋለሁ። እኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ፣ ባላቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ካልሲውን የሚያስወልቃቸው፣ ሲሰሙ ፊታቸውን ማየት እፈልጋለሁ። ለቀረው ጊዜ ንግግር ተውኩት፤ ሁሉም ሴት የቤቷን ውልና የጋብቻ ወረቀቷን ይዛ ትምጣ ብዬ ማስታወቂያ እለጥፋለሁ። ነገረ ፈጅ፣ ከሰበታ መጥተው ሁለት ሰዓት ቢሰጡን? አበል የለንም፣ ቡናና ዳቦ አለ። ከቃሊቲ ቶታል ሚኒባስ ያገኛሉ።

ነገረ ፈጅ ዘሰበታ

እመጣለሁ። ሁለት ነገር ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ኦሪጅናል ይዘው አይምጡ፣ ኮፒ ይበቃል። ሌላው፣ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ካሉ አይፈሩ፣ እነሱም ይምጡ። እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ የሚሆንበት አግባብ አለ። የዕቁብ ደብተር፣ አብረው የተከራዩበት ውል፣ የልጅ ልደት ካርድ፣ ያላቸውን ይሰብስቡ።

ዘመነ ኮዬ

ወንድ ይገባል?

የብሎኩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ)

ይገባል። ግን ወንበር የሚያመጡት ወንዶቹ ናቸው፣ ከታችኛው ብሎክ። አርባ ወንበር ነው፣ ሊፍት የለም።

ዘመነ ኮዬ

እመጣለሁ። ስለ ሠላሳ ከመቶዋ ግን ጥያቄዬን እዚያም አነሳለሁ።

ፀሐይ ከወለቴ

የጋብቻ ፎቶውን አገኘሁት፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሕይወት አሉ። ባለቤቴንም አናገርኩት፣ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ «ስምሽ ይግባ ካልሽ እንሂድ» አለ። ሰኞ ክፍለ ከተማ እንሄዳለን። ምን ምን ይዤ ልሂድ፣ ነገረ ፈጅ?

ነገረ ፈጅ ዘሰበታ

የሁለታችሁ መታወቂያ፣ የቤቱ ውል፣ የባንክ የክፍያ ደረሰኝ፣ ፎቶውና ሁለቱ ሽማግሌዎች። ጋብቻውን መጀመሪያ አስመዝግቡ፣ የቤቱን ጉዳይ ከዚያ በኋላ። በጠዋት ሂዱ፣ ሰኞ ወረፋው ይበዛል።